በረዶ ውስጥ የከረመ ክሮም

አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ፣ ኢንተርኔት። ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን ያስጠርዝባታል፣ ሥራ ፈላጊ ሲቪውን ያስጽፍባታል። በዲቪ ሰሞን ደግሞ ሰልፉ በረንዳውን አልፎ ይወጣ ነበር። ለደንበኛ ያስቀመጥኳቸው ኮምፒውተሮች ስድስት ናቸው። ያኔ አራቱ ዊንዶውስ 10፣ ሁለቱ ዊንዶውስ 7 ነበሩ።

ነገሩ የጀመረው በ2016 መስከረም፣ በዓሉ ካለፈ ሳምንት ገደማ ነው። የቆዩ ደንበኛዬ የሆኑ ጡረተኛ መምህር ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ልጄ፣ ኢሜይሌ ውስጥ ሰው ገብቷል። ከእናንተ ቤት በቀር የትም ከፍቼው አላውቅም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኛ ቤት እኮ ዲፕ ፍሪዝ አለ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ያለፈውን ሁሉ ይረሳል። ከእኛ አይሆንም» አልኳቸው። በኩራት ነው ያልኩት።

ኢንተርኔት ቤት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ዲፕ ፍሪዝን ላያውቀው ይችላል። ኮምፒውተሩን ባለበት እንደ በረዶ አድርጎ የሚቆልፍ ፕሮግራም ነው። ደንበኛ ቫይረስ ያምጣ፣ ዴስክቶፑን ያተራምስ፣ የማይረባ ነገር ይጫንበት፣ ግድ የለም። አጥፍተው ሲያበሩት ወደ ተቆለፈበት ቀን ይመለሳል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሮቼ እንደ አዲስ ይወለዱ ነበር። ፍላሽ ቫይረስን እንደ ጉንፋን በሚያዛምትበት ሥራ ላይ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከጋሼ ኋላ ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ ነበር። እዚሁ አራት ኪሎ ካምፓስ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፤ ከዚያ በፊትም እያተመ ይሄድ ነበር። ጣልቃ ገባ።

«እትዬ፣ ዲፕ ፍሪዙ የተቆለፈው መቼ ነው?»

«ካቻምና ክረምት። ሐምሌ ላይ።»

«ክሮሙን ልየው?»

ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነካ፣ «ሄልፕ» ውስጥ ገባ፣ «አባውት ጉግል ክሮም» የሚለውን ከፈተ። የእትሙ ቁጥር 103 ይላል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የራሱን አሳየኝ። 117።

«አየሽ እትዬ፣ እዚህ ቤት በየቀኑ ጠዋት ሐምሌ 2014 ነው» አለኝ።

ጋሼ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

የጋሼን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው። ጥፋቱን በብሮውዘሩ፣ ማለትም የኢንተርኔት ገጽ በሚከፍተው በክሮም ላይ ማላከክ አልችልም። የይለፍ ቃላቸው የልጃቸው ስምና የተወለደበት ዓመት ነበር፤ ያንን ለመገመት ሀከር መሆን አያስፈልግም። ኢሜይሉን በስልክ ቁጥራቸው አስመለስንላቸው፣ ሁለተኛ ማረጋገጫም አደረግንበት። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ያ ቁጥር ነው። 103።

እስከዚያ ቀን ድረስ አደጋ የሚመጣው ሰው አንድ ነገር አውርዶ ሲከፍት ነው ብዬ ነበር የማምነው። አታውርዱ፣ የማታውቁትን አትጫኑ፣ አለቀ። ልጁ ግን አንዳንዱ አደጋ ምንም ሳያወርዱ፣ ገጹን በመክፈት ብቻ እንደሚመጣ ነገረኝ። እንዴት ሆኖ? ወንበር ስቦ ተቀመጠና የራሴን መደርደሪያ እያሳየ አስረዳኝ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰው በዚሁ ምሳሌ ነው የማስረዳው።

ከጠረጴዛዬ ጀርባ ቁጥር የተጻፈባቸው ሣጥኖች ያሉት መደርደሪያ አለ። ለጥረዛ የመጣ ወረቀት በቁጥሩ ይቀመጣል። እንበል ሣጥን 14 ውስጥ የአንድ ተማሪ ጽሑፍ አለ። ተማሪው ሐሳቡን ቀይሮ ወረቀቱን ይዞ ሄደ። ሣጥኑ ባዶ ነው፣ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ነገር ግን ጸሐፊዋ እጅ ላይ «14ን አንሥተሽ ማኅተም አድርጊበት» የሚል ብጣሽ ወረቀት ቀርቷል። ማንም አልቀደደውም። አንድ ተንኮለኛ ይሄን ያውቃል። ሣጥኑ እስኪለቀቅ ጠብቆ የራሱን ወረቀት ሹክክ አድርጎ ያስገባል። ጸሐፊዋ መጥታ፣ ይዘቱን ሳታይ፣ ማኅተሟን ታሳርፍበታለች።

ሣጥኖቹ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ናቸው። ብጣሿ ወረቀት ፖይንተር የሚሉት ነገር ናት፤ የሜሞሪውን አድራሻ ይዛ የምትዞር። ማኅተሙ ደግሞ ብሮውዘሩ ያለው ሥልጣን ነው። ስሕተቱን «ዩዝ አፍተር ፍሪ» ይሉታል፤ የለቀቁትን ቤት እንደ ራስ ቤት መጠቀም እንደማለት። ተንኮለኛው የሣጥኑን ሰዓት እንዴት ያውቃል ብዬ ጠየቅኩት። ገጹ ላይ የጻፈው ጃቫስክሪፕት የሚባል ፕሮግራም በብሮውዘሩ ውስጥ ነው የሚሠራው። የትኛው ሣጥን መቼ እንዲለቀቅ፣ መቼ በምን እንዲሞላ የሚያዝዘው ራሱ ነው። ስለዚህ በዕድል አይደለም የሚጠብቀው።

ሁለተኛው ዓይነት ቅጽ ለሚሞላ ሰው ይበልጥ ይገባዋል። ቅጹ ላይ «ስም» የሚል ጠባብ ቦታ አለ። ከጎኑ «ለቢሮ ሥራ ብቻ» ይላል። አንዱ መጥቶ ስሙን ከነአያቱ፣ ከነቅድመ አያቱ ሲጽፍ ጽሑፉ መስመሩን ያልፍና የቢሮው ቦታ ላይ ያርፋል። የስሙን መጨረሻ «ጸድቋል» ብሎ ቢያደርገውስ? ይሄ «በፈር ኦቨርፍሎው» ነው።

የዚህ ምሳሌ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ዌብፒ የሚባል የሥዕል ዓይነት አለ፤ ኢንተርኔት ላይ የምናየው ብዙ ምስል በእሱ ይመጣል። ሥዕሉን ፈትቶ የሚያሳየው ኮድ ላይ ልክ እንደዚህ ያለ ቀዳዳ ተገኘ። ሆን ተብሎ የተበላሸ ሥዕል ከተሰጠው ቦታ አልፎ ይጽፋል። የጠቆሙት የአፕል የደኅንነት ቡድንና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ ናቸው። ጉግል ጥገናውን ሲያወጣ አጥቂዎች ቀዳዳውን ቀድመው እየተጠቀሙበት እንደነበር ተናገረ። ፋየርፎክስና ኤጅ የሚባሉት ሌሎች ብሮውዘሮችም ያንኑ ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር እኩል ተነኩ።

ክሮም የተጠገነው መቼ መሰላችሁ? ጳጉሜ 6 ቀን 2015። ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስተኛ ቀን ነበራት። ፋየርፎክስ በማግሥቱ፣ በእንቁጣጣሹ ዕለት ተጠገነ። እኛ ቄጠማና ዶሮ ስናሯሯጥ ሌላው ዓለም ብሮውዘሩን ሲያድስ ነበር። የእኔዎቹ ስድስት ኮምፒውተሮች በረዶአቸው ውስጥ ተኝተዋል።

ይሄ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር እንዳይመስላችሁ። የክሮም ሠሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ከባድ የደኅንነት ስሕተቶች ቆጥረው 70 በመቶ ያህሉ የሜሞሪ አያያዝ ችግር መሆኑን ገልጸዋል። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ገደማው የሣጥን 14 ዓይነት ነው። ማይክሮሶፍትም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስለ ራሱ ምርቶች ተመሳሳይ ቁጥር ተናግሯል።

ለምን አያስተካክሉትም? እኔም ጠይቄአለሁ። ብሮውዘሮች በአብዛኛው የተጻፉት ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ቋንቋው ፈጣን ነው፣ ግን ሣጥኑ ሲለቀቅ ብጣሽ ወረቀቷን መቅደድ እንዳለበት ማስታወስ ያለበት ፕሮግራመሩ ራሱ ነው። ሰው ደግሞ ይረሳል። የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላ ያሳደገው ረስት የሚባል ቋንቋ አለ፤ የመጀመሪያው የጸና እትሙ የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ገና ፕሮግራሙ ሲገነባ «አይሆንም» ብሎ ይመልሳል። ፋየርፎክስ ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የገጽ ማስዋቢያ ክፍሉን በረስት ጽፎታል። ግን ሚሊዮኖች መስመር ያለውን ኮድ በአንድ ክረምት መጻፍ አይቻልም። ሰው እየኖረበት የሚታደስ ቤት በሉት። ክሮም ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ብልሃት ጨምሯል፦ ያልተቀደደች ብጣሽ ወረቀት እስካለች ድረስ ሣጥኑን ለሌላ ሰው አይሰጥም። ይሄን ዘዴ ለጸሐፊዬም ነግሬአታለሁ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የዚያን ሳምንት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልጁ መጣ። ዲፕ ፍሪዙን ፈታነው፤ በፕሮግራሙ ቋንቋ «ታውድ» አደረግነው ማለት ነው። የክሮምን ሙሉ ኦፍላይን ኢንስቶለር ከጉግል ከራሱ ገጽ አንድ ጊዜ አወረድንና በንጹሕ ፍላሽ ወደ ሁሉም አዞርነው። ከቴሌግራም ቻናል እንዳታወርዱ። እዚያ ላይ ክሮም ተብሎ የሚለጠፈው ነገር ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው የለጠፈው ሰው ብቻ ነው። የዊንዶውሱን አፕዴት ጠበቅን፣ ረጅም ነበር፣ ቡና ተፈላ። ከዚያ መልሰን ቆለፍነው።

አንድ ነገር ያን ቀን ገባኝና እስካሁን ያስቀኛል። ጠዋት ጠዋት ኢንተርኔታችን ይንቀራፈፍ ነበር። ሁልጊዜ ወደ ቴሌ ነበር የምንጮኸው። ለካ ስድስቱም ክሮሞች ጠዋት ሲነሡ «አርጅቻለሁ» ብለው አዲሱን ማውረድ ይጀምራሉ፤ ማታ ሲጠፉ ይረሱታል፤ በማግሥቱ እንደገና። ከአንድ ዓመት በላይ ያንኑ አፕዴት በየቀኑ እያወረድን በየቀኑ እየጣልን ነበር። ከእሑዱ በኋላ የጠዋቱ ኢንተርኔት እፎይ አለ።

አሁን የእሑድ ሥራ ሆኗል። መፍታት፣ ማደስ፣ መቆለፍ። ግድግዳ ላይ ወረቀት አለ፤ ቀንና የክሮሙ ቁጥር ይጻፍበታል። በየሳምንቱ መሆኑ አይበዛም። ክሮም ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየሳምንቱ የደኅንነት ጥገና ያወጣል። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ ጥገናው ኮዱ ውስጥ በገባ ቀን ቀዳዳው የት እንደነበር ማጥናት ለሚችል ይገለጣል። አዲሱንና አሮጌውን ኮድ እያስተያየ የሚያጠና ክፉ ሰው ይኖራል። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው።

ሁለቱ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች አስቸገሩን። ስናድሳቸው ወደ 109 ሄዱና ቆሙ። ለዊንዶውስ 7 የወጣው የመጨረሻው ክሮም እሱ ነው፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ አዲስ እትም አይመጣለትም። ማይክሮሶፍት ራሱ ድጋፉን ያቆመው በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ይሄ ለምን ድርብ አደጋ እንደሆነ ልንገራችሁ። ብሮውዘር እያንዳንዱን ገጽ ሳንድቦክስ በሚባል ዝግ ክፍል ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። አጥቂ በብሮውዘሩ ቀዳዳ ቢገባም ክፍሉ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ወደ ኮምፒውተሩ ለመውጣት ሁለተኛ ቀዳዳ ይፈልጋል። ዊንዶውስ 7 ላይ ብሮውዘሩም አይጠገንም፣ ክፍሉን የያዘው ቤትም አይጠገንም።

ሁለቱም ባለ 2 ጊጋ ራም ናቸው፤ ዊንዶውስ 10ን በቅጡ ሊሸከሙ አይችሉም። አንዱ ላይ ልጁ በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫነበትና ከፋየርፎክስ ጋር ጥሩ ሠራ። ሁለተኛውንም ልናደርግ ስንል ጸሐፊዋ እሪ አለች። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ነው፤ ሊነክስ ላይ የአማርኛ አጻጻፉ ሌላ ነው፣ እጇ ደግሞ አሥር ዓመት የለመደውን ነው የሚያውቀው። እውነቷን ነው። ስለዚህ ያንን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ነቀልነው። ገመዱን ምስማር ላይ ሰቀልኩት። እስከ ዛሬ ጽሕፈት ብቻ ይሠራል፣ በኢንተርኔት ማንም አይደርስበትም። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ለማይችል ሰው ይሄ አሳፋሪ መፍትሔ አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። «አፕዴት፣ አፕዴት» እያልኩ ሠራተኞቼን አሰልችቼ ነበር። አንድ ቀን ጸሐፊዋ በምሳ ሰዓት ፊልም የሚለጥፍ ገጽ ስትከፍት «ክሮምዎ አርጅቷል፣ አሁኑኑ ያድሱ» የሚል ትልቅ ቁልፍ መጣ። ጫነችው። እኔን ደስ ይላታል ብላ እኮ ነው! የወረደው ፋይል ክሮም አልነበረም። ያን ቀን ዲፕ ፍሪዝ አዳነን፣ አጥፍተን አበራነው። ከዚያ በኋላ አነጋገሬን አስተካከልኩ፦ እውነተኛ አፕዴት ከገጹ ውስጥ አይመጣም። ከላይ በቀኝ ጥግ፣ ከሦስቱ ነጥቦች ዘንድ ነው የሚመጣው። ገጽ ራሱ «አድሰኝ» ካለ ይዘጋል።

ዲፕ ፍሪዝን ግን አልጣልኩትም። የሚያድነው ኮምፒውተሩን ነው። ደንበኛው በዚያች ሰዓት የጻፈው የይለፍ ቃል ከተሰረቀ ግን ኮምፒውተሩ ቢረሳውም ሌባው አይረሳውም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ሌላው የኛ ሰው ልማድ ብሮውዘር አለመዝጋት ነው። ጸሐፊዋ ሠላሳ ታብ ከፍታ ለሳምንት ትተወዋለች። አፕዴቱ ወርዶ ይጠብቃል እንጂ ክሮሙ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ሥራ ላይ አይውልም። ታቦቹ ይጠፋሉ ብላ ነው የምትፈራው። «ሪላንች» የሚለውን ስትጫን ታቦቹ ተመልሰው ይከፈታሉ። የሚጠፋው ግማሽ ላይ የቀረ ቅጽ ነው፣ እሱን መጨረስ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም 29፣ ረቡዕ ማታ፣ ልጁ ደወለልኝ። ያኔ ተመርቆ ሥራ ይዟል።

«እትዬ፣ እሑድን አትጠብቂ። ፋየርፎክስ ያለበትን ዛሬውኑ ዝጊና ክፈቺው።»

ፋየርፎክስ ላይ የሣጥን 14 ዓይነት ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፤ ገጽ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነገሮችን በሚያስተናግደው ክፍል። ኢሴት የተባለው የደኅንነት ድርጅት ተመራማሪ ለሞዚላ ካሳወቀ አንድ ቀን ገደማ በኋላ ጥገናው ወጣ፤ ቁጥሩ 131.0.2። ቆይቶ ኢሴት ዝርዝሩን ሲያወጣ አጥቂዎቹ ከእሱ ጋር ሁለተኛ የዊንዶውስ ቀዳዳ ቀጥለው እንደነበር ታወቀ። አንዱ ወደ ክፍሉ ያስገባል፣ ሌላው ከክፍሉ ያስወጣል። ተጠቂው ገጹን ከመክፈት በቀር ምንም አልነካም። የኔው ኮምፒውተር ሊነክስ ስለነበር ያ ጥቃት ለእሱ የተሰናዳ አልነበረም። ቢሆንም በፒጃማዬ ወጥቼ ሱቁን ከፍቼ አደስኩት። ባለቤቴ አብጃለሁ ብሎ ነበር።

ለስልክ ደግሞ እንዲህ አደርጋለሁ። አንድሮይድ ላይ ክሮምን ብቻ ማደስ አይበቃም፤ ፕሌይ ስቶር ላይ «አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው» የሚባል አለ። ብዙ አፕ ገጽ የሚያሳየው በእሱ በኩል ነው፣ ስለዚህ እሱንም አያለሁ። አይፎን የያዘ ሰው ደግሞ ክሮም ቢጭንም በእኛ አገር ውስጡ የአፕል ሞተር ነው፤ የስልኩን ዋና አፕዴት ካላደረገ ክሮሙን ማደሱ ያን ሞተር አይነካውም።

የሱቁን የባንክና የግብር ጉዳይ የምሠራበት አንድ ኮምፒውተር አለ። እሱ ላይ ኤጅን ነው የምጠቀመው፣ የደኅንነት ማጠናከሪያውን አብርቼ። የማላውቀው ገጽ ላይ ስገባ ጃቫስክሪፕትን የሚያፈጥነውን ክፍል ያጠፋዋል። ያ ክፍል ብዙ የሜሞሪ ቀዳዳ የሚገኝበት ቦታ ነው። ገጾች ትንሽ ይዘገያሉ፣ ለእኔ ሥራ ግን አይታወቅም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 4 አብቅቷል። ለአንድ ዓመት የሚያራዝመው ምዝገባ አለ፣ እሱን አድርጌአለሁ። ከዚያ በኋላ ያው ሊነክስ ነው፣ ጸሐፊዋ ገና አልሰማችም።

ደንበኞቼ «ኢንኮግኒቶ ከፍቼ ነው፣ ችግር የለም» ይሉኛል። ኢንኮግኒቶ ታሪክ አያስቀምጥም እንጂ ቀዳዳ አይደፍንም። አንዳንድ ብሮውዘር ላይ ከገጹ አድራሻ አጠገብ የምትታየው የቁልፍ ምልክትም እንደዚያው ናት፤ መንገዱ የተጠበቀ ነው ትላለች እንጂ መድረሻው ደግ ነው አትልም።

ጋሼ አሁንም ይመጣሉ። ቁጥሩን ተላምደውታል። ከመቀመጣቸው በፊት ባርኔጣቸውን እያወለቁ «ዛሬ ስንት ገባ?» ይሉኛል፣ ልክ እንደ ዶላር ምንዛሬ። እኔም ግድግዳው ላይ ያለውን የእሑድ ወረቀት አይቼ እነግራቸዋለሁ።